ሄቲ በዓይኗ የማለችበት እሑድ

ሄቲ ባክል ሚስስ ክራውችን በደለች። ያንን ለመሸፈን ደግሞ ሽማግሌውን ሳይለስን በደለች። የመጀመሪያውን በደል በእጇ ሠራችው፣ ሁለተኛውን በአፏ። ይህን ከመነሻው የምነግራችሁ፣ ልጆች፣ መጨረሻ ላይ «ጥፋቱ የማን ነው?» እያላችሁ እንዳትነዘንዙኝ ነው። ጥፋቱ የሄቲ ነው። አሁን እግራችሁን ሰብስቡና ስሙኝ።

ሄቲ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ እዚሁ ለንደን፣ ቤርመንዚ፣ ከቆዳ ፋብሪካው ኋላ ባለው መንገድ ላይ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ሥጋ ግን ገና በራሽን ካርድ ነበር የሚሸጠው። በሳምንት አንዴ፣ ያውም መዳፍ የምታህል። ሄቲ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ቀጭን አንገት፣ በብርድ የቀላ ጉልበትና ሁልጊዜ የሚጮኽ ሆድ ነበራት። የሆድ መጮኽ ኃጢአት አይደለም። ሆድን ተከትሎ መሄድ ነው ጣጣው።

ከእነሄቲ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ሚስስ ክራውች ይኖሩ ነበር። ዓይነ ስውር ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ቦምብ ወደቀ፤ የመስኮቱ መስታወት ተረጨና ዓይናቸውን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የወንበር መቀመጫ እየጎነጎኑ ነው የሚተዳደሩት። መስኮታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ቃጫውን ሲያሾልኩት ጣታቸው ያያል ብል አልዋሸሁም።

አሁን ወደ እሑድ ምሳ ልምጣ። በእኛ መንገድ ሥጋ የሚጠብስ ምድጃ ያለው ቤት አልነበረም። ስለዚህ እሑድ ጠዋት እያንዳንዷ ሴት ሥጋዋንና ድንቿን በሸክላ ሳህን አድርጋ ወደ ሚስተር ሆብዴይ ዳቦ ቤት ትልካለች። ዳቦው ወጥቷል፤ ምድጃው ግን ገና ይፋጃል። የምድጃው ሠራተኛ ሽማግሌው ሳይለስ ሳህኖቹን በረጅሙ የእንጨት አካፋ እያደረጉ ወደ ውስጥ ይገፏቸዋል። ሰው ጸሎት ቤት ሄዶ እስኪመለስ ምሳው ይበስላል። ከዚያ ልጆች ጨርቅ ጨርቃቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ሳይለስም ሳህኑን እያዩ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ያድላሉ። እንግዲህ የሠፈሩ ምሳ በሙሉ በአንድ ሽማግሌ እጅ ያልፋል ማለት ነው። ሳይለስን ያኖራቸው ያ ነው፤ መታመናቸው። አንድ ቀን ከታሙ አለቀላቸው።

የሚስስ ክራውችን ሳህን ከዳቦ ቤቱ የምታመጣው ሄቲ ነበረች። ጠርዙ ላይ የተሸረፈ ቡናማ ሳህን ነው። ለዚህ ውለታዋ ሚስስ ክራውች ዳቦ ቆርሰው መረቁ ውስጥ ያጠቅሱና ይሰጧታል። ይህ ለብዙ ጊዜ በሰላም የኖረ ውል ነበር።

ያን እሑድ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሳህኑ የሄቲን እጅ ያሞቃል። ከጨርቁ ሥር ሽታው ይጠራታል። ድንቾቹ የሥጋውን ስብ ጠጥተው፣ ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ሄቲ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። ለማየት ብቻ። «ለማየት ብቻ» የሚባለውን ነገር ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ አትምሰሉብኝ።

አንድ ድንች በላች። ቦታው ባዶ ሆኖ ታያት። እንዲመጣጠን ብላ ከወዲያኛው ጎን ሌላ በላች። አሁን ደግሞ መሀሉ ከፍ ያለ መሰላት፤ ከመሀልም ወሰደች። ሳህኑን የሚቀበሉት ሴት ዓይነ ስውር ናቸው። ታዲያ ለማን ብላ ነው የምታመጣጥነው? እስቲ አስቡት። ለገዛ ዓይኗ ነዋ። ሌባ ማንም ባያየው እሱ ራሱን ያየዋል። ደረጃው ሥር ስትደርስ የሥጋውም ደረቅ ጠርዝ ተግጦ አልቋል።

ሚስስ ክራውች ሹካቸውን ይዘው ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። እንደገና ዳሰሱት።

«ሄቲ፣ ድንቼስ?»

«ምን ድንች፣ አክስቴ?»

«በገዛ እጄ የላጥኩት ድንች።»

እዚህ ላይ ሄቲ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። አንድ ቁጣ፣ አንድ ልቅሶ፣ ከዚያ ሰላም። ግን አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

«ሳይለስ ናቸው» አለች። «ከምድጃው ሲያወጡት በሉት።»

«ማን አለ?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት። ብላይሚ፣ በዓይኔ።» ብላይሚ በሠፈራችን ከማንም አፍ የማትጠፋ ቃል ናት።

ሚስስ ክራውች ሹካውን አስቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ሄቲ መለሱ። ከዚያ «ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» ብቻ አሉ። ዳቦ አልቆረሱላትም።

ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር። ግን ሚስስ ዳብኒ ደረጃውን ይጠርጉ ነበር። ሚስስ ዳብኒን አልደረሳችሁባቸውም፤ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ከመጥረጊያቸው ይልቅ ጆሯቸው ይሠራ ነበር። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወጡ። ምሳው ሳይበርድ መንገዱ በሙሉ ሰማ። «እኔም እኮ ባለፈው ሥጋዬ አነሰብኝ ብዬ ነበር» የምትል ተገኘች። እንዲህ የምትል ሁልጊዜ አትጠፋም። ሚስተር ሆብዴይ ደንበኛ እንዳይሸሸው ፈራና ሳይለስን ጠርቶ «ጓዝህን ሸክፍ፤ እስከ ምሽት እንዳላይህ» አላቸው።

ሳይለስ የሚያድሩት ከምድጃው በላይ፣ ከዱቄቱ ጆንያ አጠገብ ነው። ሥራቸውም ቤታቸውም አንድ ነው። በታኅሣሥ ብርድ ሁለቱንም አንዲት ቃል ወሰደችባቸው።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደ እኔ፣ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት መጡ። ወሬው ቀድሟቸው ገባ።

«እትዬ፣ ሰምተዋል?» አለ ስታን ፊፕስ። «ሳይለስ ድንች ሰርቀው ተባረሩ።»

«የት ሊያድሩ ነው?» አለች አንዷ።

«ድልድይ ሥር ነዋ። ድንቹን አቅፈው።»

ልጆቹ ሳቁ። ሄቲ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሽ ነበር።

«ባልዲውን አምጣ፣ አፍህን ሳይሆን» አልኩት ስታንን። ምድጃው ላይ ከሰል ልጨምር ነበር። ባልዲውን አነሣና ሲያቀብለኝ አምልጦት እግሩ ላይ ወደቀ።

«ብላይሚ» አለ በአንድ እግሩ እየዘለለ።

«ምን አልክ?»

«ስድብ አይደለም፣ እትዬ። አባቴም ይላል። ፖሊሱም ይላል።»

«ትርጉሙንስ ይነግሩሃል?»

«ትርጉም የለውም እኮ። እንዲሁ ነው።»

እንዲሁ የሚባል ቃል የለም፣ ልጆች። ቃል ሁሉ ከሆነ ቦታ ነው የመጣው። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያገኘሁትን መጽሐፍ ግን ሳላነብ አላልፍም። ያነበብኩትን ለእነሱ እንደነገርኳቸው ለእናንተም ልንገራችሁ።

የጥንት ሰዎች የሚናገሩት እውነት መሆኑን ሲያስረግጡ «እግዚአብሔር ያሳውረኝ»፣ በእንግሊዝኛው «ጎድ ብላይንድ ሚ»፣ ብለው ይምሉ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው እንደ ማለት ነው። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሰውየው ሰማይን ዳኛ አድርጎ ይቆማል፤ ሁለት ዓይኖቹን መያዣ ያቀርባል፤ ዋሽቼ ከሆነ ውሰዳቸው ይላል። ኋላ ሰዎች ፈሩ። መማሉን አልተዉም፤ የአምላክን ስም በከንቱ መጥራት ግን አስፈራቸው። ስለዚህ ቃሉን አኘኩት። ስሙን ከፊቱ ቆረጡት፣ የቀረውን ጨፈለቁት፣ ብላይሚ ሆነ። ክራይኪ የምትሉትም የክርስቶስ ስም ነው፣ ጭንብል ለብሶ። ስትሩዝም «በእግዚአብሔር እውነት» የሚል መሐላ ነበር። ራሱን ደብቀው ጭራውን ያዙ። እግዚአብሔር ጭራውን አይቶ የማን እንደሆነ የማያውቅ ይመስል።

«አምና ከመጋዘኑ ጀርባ የተገኘውን ያልፈነዳ ቦምብ ታስታውሳላችሁ?» አልኳቸው።

«ላዩ ላይ ኳስ እንጫወት ነበር» አለ ስታን። «ማንም አልነገረን።»

«ለስንት ጊዜ ተጫወታችሁበት?»

«ሁልጊዜ።»

«ብላይሚም እንደዚያ ናት። ከላይ ሣር በቅሎባታል። ከሥር ያለው ግን እዚያው ነው።»

ስታን እንኳ እግሩን ረሳው። ያንን የሚያህል ነገር በአፋቸው ይዘው ሲዞሩ መኖራቸው ገረማቸው። እኔንም እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እንደ ከረሜላ የምናላምጣት አንዲት ትንሽ ቃል፤ ውስጧ ግን ስሙ የጠፋ አንድ ሰው በሰማይ ፊት እየተንቀጠቀጠ ቆሟል።

ሌሎቹ ሲወጡ ሄቲ ቀረች።

«እትዬ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ የተናገረ ሰውስ? እግዚአብሔር ይሰማዋል?»

«እግዚአብሔር ደንቆሮ አይደለም፣ ሄቲ።»

«እሺ፣ እትዬ» ብላ ኮቷን ቆለፈችና ወጣች።

ጉም ወርዶ ነበር። የእኛን ጉም ታውቁታላችሁ፤ ቢጫ፣ ወፍራም፣ የከሰል ጭስ የጠገበ፣ ምላስ ላይ የብረት ጣዕም የሚተው። የዚያን ቀኑን ዓይነት ግን እኔም አይቼ አላውቅም። ሄቲ ከጸሎት ቤቱ በር ስትርቅ መብራቱ ከኋላዋ ነበር። ዞር ስትል መብራቱ የለም። በሩም የለም። ግድግዳውም የለም። እጇን ወደ ፊቷ አነሣች። እጇም የለም።

ዋሽቼ ከሆነ ውሰዳቸው።

ጉም ነው ብላ ማሰብ ትችል ነበር። ጉምን ከተወለደች ጀምሮ ታውቀዋለች። ግን ጥፋት ያለበት ሰው ጉምን ጉም አይለውም። ሄቲ ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች፤ ያው ነው። ሰማይ የሰጠችውን መያዣ ወሰደ አለች በልቧ። አንድ የብረት አጥር በእጇ አገኘችና እሱን ይዛ ቁጢጥ አለች። መጮኽ ፈለገች። ደግሞ ማንን ትጠራለች? ሳይለስን? ሚስስ ክራውችን?

ከጉሙ ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። የብረቱን አጥር የሚነካ በትር ነው። አጠገቧ ሲደርስ ቆመ።

«ማን ነው እዚህ ቁና ቁና የሚተነፍስ?»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ። ሄቲ ነኝ። ዓይኔ ጠፋ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«አሁን ምን ይታይሻል?»

«ምንም። ቢጫ ነገር ብቻ።»

«ቢጫ?» አሉ ሚስስ ክራውች። ድምፃቸው ለስለስ አለ። «እኔ ቢጫ ካየሁ ስንት ዘመኔ። ዓይኑ የጠፋ ሰው ቢጫ አያይም፣ ልጄ። ጉም ነው። ተነሺ።»

ሄቲ አልተነሣችም።

«አክስቴ፣ በዓይኔ የማልኩት በውሸት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ስትምዪልኝ አፍሽ ጥብስ ጥብስ ይሸት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«በገዛ እግርሽ ደረጃውን እስክትወጪ ስጠብቅ ነበራ። አንቺ ሳትመጪ ዳብኒ መጣች፤ ሳይለስን አስባረርንልሽ ብላ ደስታዋን ልታካፍለኝ። ይኸው ወደ ዳቦ ቤት መሄዴ ነው።»

«ለሳይለስ እርስዎ ይናገሩላቸዋል?»

«እኔ ያለኝ አፍንጫ ብቻ ነው፣ ሄቲ። አየሁ ያልሽው አንቺ ነሽ። አላየሁም ማለት የምትችዪውም አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሄቲ ተነሣች። በቃጫ የሻከረች እጅ ጨብጣ ያዘቻት።

ሄቲ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። የዚያን ቀኑን መንገድ ስታወራልኝ ግን አሁንም ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ከተማው ቆሞ ነበር። አንድ አውቶቡስ መንገዱ መሀል ተገትሯል፤ ሾፌሩ ወርዶ ጎማው የቱ ጋ እንደሆነ በእጁ ይፈልጋል። ከሆነ ቦታ አንድ ሰው «ወንዙ በየት በኩል ነው?» እያለ ይጣራል፣ እንዳይገባበት ፈርቶ። ሚስስ ክራውች ግን የዘወትር አካሄዳቸውን ነው የሚሄዱት። በትራቸው አጥሩን መታ መታ ያደርጋል። «ይሄ ኮምጣጤ ፋብሪካው ነው፣ ወደ ግራ» ይላሉ። «ውኃ ሲንጠባጠብ ትሰሚያለሽ? የፈረሱ ጋጣ ነው። ዝቅ በዪ፣ ብረት አለ።» ብረቱም ነበር።

«እሜቴ፣ መንገዱን ያውቁታል?» አለ ከጉሙ ውስጥ አንድ ጎርናና ድምፅ። ፖሊስ ነው።

«ኮቴን ያዝ» አሉት።

ፖሊሱ ኮታቸውን ያዘ። ከኋላው አንዲት ነርስ የፖሊሱን ቀበቶ ያዘች። የአውቶቡሱ ሾፌር የነርሷን ቦርሳ ያዘ። ሌሎችም ተጨመሩ፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ይዞ። ዓይን ያለው ሁሉ ከዓይነ ስውሯ ኋላ። ማንም አያወራም። በትሩ ብቻ ኳ፣ ኳ ይላል። ሄቲ ከፊት ነበረች። ዓይኔን ውሰድ ብላ ነበር፤ ዓይኗ አልተወሰደም፤ ግን አይጠቅማትም። ዓይናቸው የተወሰደው ደግሞ ሰውን ሁሉ ይመራሉ። ፍርሃቷ ጠፋ፤ በቦታው ሌላ ነገር ገባ። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ፣ ማንም ሳይቀመጥ በፊት ያለው ዝምታ ዓይነት ነበር ብላኛለች።

ከዚያ ዳቦ ሸተተ።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ መብራት አለ። ሳይለስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጥቅልላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ጉሙ እስኪገለጥ ነው የቆዩት። ሚስተር ሆብዴይ ጀርባውን ሰጥቷቸው የጸዳ መደርደሪያ ይወለውላል። ሰልፉ በሙሉ ተከታትሎ ገባ።

«ሚስተር ሆብዴይ» አለች ሄቲ። ከኋላዋ ፖሊስ ቆሟል። «ድንቹን የበላሁት እኔ ነኝ። ሳይለስ አልነኩትም። አየሁ ያልኩት ውሸት ነው።»

«ብላይ...» ብሎ ጀመረ ሆብዴይ። የሚስስ ክራውች በትር ወለሉን አንዴ መታ። የቀረውን ዋጠው።

ሳይለስ ቀና አሉ። 

«ጠርዙ ደርቆ ነበር?» አሏት።

«ምኑ?»

«የድንቹ ጠርዝ።»

«አዎ። ይንኮሻኮሽ ነበር።»

«እኔ ነኝ የጠበስኩት» አሉ ሳይለስ፤ የጥቅልላቸውንም ገመድ መፍታት ጀመሩ።

ሄቲ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሆብዴይ ጨርቁን ወዲያ ወዲህ አደረገና «የነገውን ሊጥ እስካሁን አላቦካኸውም እንዴ?» አላቸው። ይቅርታ ማለት ያልተማረ ሰው ይቅርታው እንዲህ ነው። እናንተ ግን ተምራችኋል፤ ስለዚህ በትክክል በሉት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሄቲ ያንኑ እጅ ይዛ ነበር።

«አክስቴ፣ ስምል እግዚአብሔር ሰምቶኛል?»

«ሰምቶሻል እንጂ።»

«ታዲያ ዓይኔን ለምን አልወሰደም?»

ሚስስ ክራውች ቆሙ። «እኔም ልጅ ሆኜ ብላይሚ ሳልል አልውልም ነበር። የእኔን ዓይን የወሰደው መስታወት ነው። እግዚአብሔር የልጅ አፍ እየጠበቀ ዓይን አይሰበስብም። ውሰድ አልሽው፤ እሱ ግን መሪ ላከልሽ፣ ያውም የበደልሻትን። የቱ ይከብድሻል?»

ሄቲ አሰበች። «መሪው» አለች።

«እንግዲያው ገብቶሻል።»

በሚቀጥለው እሑድ የሄቲ እናት ለልጇ የመደበችው ድንች ወደ ሚስስ ክራውች ሳህን ገባ። ሄቲ ራሷ ናት የጨመረችው። ሳህኑን እንድታመጣ ግን ከእንግዲህ የሚልካት ሰው ያለ አልመሰላትም። ሚስስ ክራውች ከደረጃው ላይ ሆነው «ሳህኔን ማን ሊያመጣልኝ ነው? ዳብኒ?» ብለው ተጣሩ። ሄቲ ጨርቋን ይዛ ሮጠች። ሳይለስ ሳህኑን በአካፋው አውጥተው ሰጧት።

ብርዱ ያው ነው። ሽታው ያው ነው። ሆዷም እንደ ልማዱ ጮኸ፤ ንስሐ ሆድ አይሞላም። ጨርቁን ሳትገልጥ ደረጃውን ወጣች። ሚስስ ክራውች ሹካቸውን አነሡ፤ ግን ሳህኑን አልዳሰሱትም። ፊታቸውን ወደ እሷ መልሰው ጠየቋት።

«ድንቼ ሙሉ ነው?»

የድሮው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ሌሎቹም መሐላዎች ከኋላው ተሰለፉ። ሁሉንም ዋጠቻቸው። ልጆች፣ እውነት የሚናገር ሰው መሐላ አያስፈልገውም፤ የሚዋሽንም ሰው መሐላ አያድነውም። ሄቲ የመለሰችላቸው ይህን ብቻ ነው፤

«አዎ፣ አክስቴ።»